የሩቶና የኦዲንጋ የአመራር ዘይቤ፦ ከመድረክ ጀርባ ምን እንይ?

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የጎረቤት አገር ምርጫ በደረሰ ቁጥር ጋዜጦቻችን ሁለቱን ዋና ተፎካካሪዎች ጎን ለጎን አቁመው ያወዳድራሉ። ማወዳደሩ መልካም ነው። ችግሩ ከሕይወት ታሪክና ከንግግር ችሎታ አለማለፉ ነው። “ከታች የመጣ”፣ “አንጋፋ ታጋይ”፣ “ሕዝብ የሚማርክ” ይባልና ጽሑፉ ያልቃል። አንባቢው ከሰዎቹ ጋር ይተዋወቃል፤ ወንበሩ ላይ ቢቀመጡ ማንን እንደሚሰሙ፣ ቃላቸውን በምን እንደሚያስሩ፣ ሲሸነፉ ምን እንደሚያደርጉ ግን ሳያውቅ ይቀራል። ሕዝብ ፕሬዚዳንት በቀጥታ በማይመርጥባት አገር የምንኖር ስለሆንን በዚህ ረገድ ልምዳችን ጥቂት ቢሆን አይገርምም።

ለማሳያ የኬንያን የ2022 ምርጫ እወስዳለሁ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የመረጥኩት ጎረቤት ስለሆነች ብቻ አይደለም። ዊሊያም ሩቶ አሸንፈው ገዝተዋል፤ ራይላ ኦዲንጋ ደግሞ ተሸንፈው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ጥቅምት 2025 ድረስ፣ በፖለቲካው መሐል ቆይተዋል። ስለዚህ ከምርጫው በፊት የታየው የሁለቱ ጠባይ ከምርጫው በኋላ ከሠሩት ጋር ይገጥም እንደሆነ ማመሳከር ይቻላል። እንዲህ ዓይነት ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የሕይወት ታሪኩን ቶሎ ልለፈው። ሩቶ በልጅነታቸው በመንገድ ዳር ዶሮ ይሸጡ እንደነበር በየመድረኩ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ለውድድር ሲቀርቡ አሥር ዓመት ያህል ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው የሠሩ ባለጸጋ ነበሩ። ኦዲንጋ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ልጅ ናቸው፤ ሆኖም በፕሬዚዳንት ሞይ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። የደሃው ልጅ ከሥልጣን፣ የባለሥልጣኑ ልጅ ከእስር ቤት ከመጡ የልጅነት ታሪክ ብዙ አይረዳንም።

የጎሳ ስሌትም እንዲሁ። የኬንያ ምርጫ በጎሳ ይከፈላል የሚለው አባባል ሐሰት ባይሆንም በ2022 ግን ከሁለቱ ዋና ዕጩዎች አንዳቸውም ከኪኩዩ ወገን አልነበሩም። ኪኩዩዎች የሚበዙበትና ብዙ ድምፅ ያለው የኬንያ ተራራ አካባቢ የራሱን ሰው ትቶ የሌላ አካባቢ ሰው መምረጥ ነበረበት። ሁለቱም ምክትላቸውን ከዚያው አካባቢ አመጡ። እዚህ ላይ ነው የአመራር ዘይቤ ልዩነቱ በግልጽ የታየው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሩቶ ምክትል ሲመርጡ ከአካባቢው የመጡ የጥምረታቸው የፓርላማ አባላት በብዛት ያዘነበሉት ወደ ሕግ ምሁሩ ኪቱሬ ኪንዲኪ ነበር። ሩቶ ግን የማቲራውን ተወካይ ሪጋቲ ጋቻጓን መረጡ። ምክር ሰበሰቡ፤ ውሳኔውን ግን ለራሳቸው አስቀሩት። የፈለጉት በየመንደሩ እየዞረ ድምፅ የሚያመጣ፣ ገንዘብና ሰው ያለው ጉልበተኛ ነበር፤ ለምርጫው ስሌቱ ሠራ።

የኦዲንጋ አካሄድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ምክትል የሚመርጥ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁመው ቦታውን የሚመኙትን ለቃለ መጠይቅ አስቀረቡ። በወረቀት ሲታይ ይኸኛው የተሻለ አሠራር ነው። ነገር ግን ቀደም ባሉት ሁለት ምርጫዎች የኦዲንጋ ምክትል ዕጩ የነበሩትን ካሎንዞ ሙስዮካን እንደ አዲስ ሥራ ፈላጊ መጠየቅ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የገመተ አልነበረም። ካሎንዞ በመጀመሪያ እምቢ አሉ፤ በኋላ ቀረቡ፤ ማርታ ካሩዋ በሜይ 16 ሲመረጡ ደግሞ ጥምረቱን ጥለው ራሳቸው ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ አወጁ። ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ተመለሱ፤ የዘመቻው ወርቃማ ጊዜ ግን በማባበል አልቆ ነበር። ካሩዋ ንጹሕ ስም ያላቸው ጠንካራ የሕግ ሰው ናቸው፤ በትውልድ አካባቢያቸው በኪሪንያጋ እንኳ ግን ሕዝቡ በሰፊ ልዩነት ለሩቶ ሰጠ። ኦዲንጋ ምክትላቸውን የመረጡት መልእክት እንዲያስተላልፍ ነበር፤ ሩቶ ደግሞ ድምፅ እንዲያመጣ።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር የጥምረቱ ሰነድ ነው። ጋዜጠኞች የጥምረት ፊርማ ሥነ ሥርዓቱን ፎቶ ያነሳሉ፤ ሰነዱን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። የሩቶ ጥምረት ኬንያ ክዋንዛ ከሙሳሊያ ሙዳቫዲና ከሞሰስ ዌታንጉላ ፓርቲዎች ጋር የገባው ውል ልክ እንደ ንግድ ውል ነበር፤ ሁለቱ ፓርቲዎች ከመንግሥቱ ሥልጣን 30 በመቶ ያገኛሉ፣ በምላሹ ከምዕራብ ኬንያ ድምፅ 70 በመቶውን ያመጣሉ። ቦታዎቹም በስም ተጠቅሰዋል። ሩቶ ሲያሸንፉ ዌታንጉላ አፈ ጉባኤ፣ ሙዳቫዲ ደግሞ በካቢኔው ውስጥ የበላይ ሚኒስትር ሆኑ። የኦዲንጋው አዚሚዮ ከሃያ በላይ ፓርቲዎችን ያቀፈ ሰፊ ድንኳን ነበር፤ የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ደግሞ ከሥልጣን የሚሰናበቱት ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ነበሩ። ዕጩው የራሱ ጥምረት ሊቀ መንበር ካልሆነ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ውዝግብ ሲነሣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው?

ለእኔ የኦዲንጋን ዘይቤ ከሁሉም በላይ የሚያሳየው ግን የኬንያታ ጉዳይ ነው። በማርች 9 ቀን 2018 ሁለቱ ባላንጣዎች፣ ኦዲንጋና ኬንያታ፣ በናይሮቢ ተጨባበጡ። ከዚያ መጨባበጥ የሥራ አስፈጻሚውን ሥልጣን የሚያሰፋ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተወለደ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማሻሻያውን በሜይ 2021 ጣለው፣ ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን በኦገስት አጸና፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በማርች 31 ቀን 2022 የሥር ፍርድ ቤቶቹን ብዙ ነጥቦች ቢሽርም ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ተነሳሽነት ስም ማሻሻያ ማስጀመር አይችሉም ብሎ ዘጋው። አራት ዓመት ገደማ የፖለቲካ ጉልበት የፈሰሰው ከላይ ስምምነት ፈጥሮ ወደ ሕዝቡ ለማውረድ ነበር። ኦዲንጋ መሪዎች ከተስማሙ ተከታዮቻቸው ይከተላሉ ብለው ያምኑ ነበር። በ2002 “ኪባኪ ቶሻ” (ኪባኪ ይበቃል) ብለው የራሳቸውን ደጋፊ ለምዋይ ኪባኪ ያስረከቡበት ድል ይህን እምነት ሳያጠናክርላቸው አልቀረም። በ2022 ግን ኬንያታ “ራይላን ምረጡ” ሲሉ የገዛ አካባቢያቸው ሕዝብ አልሰማቸውም።

በእነዚያው ዓመታት ሩቶ ምን ይሠሩ ነበር? በየቤተ ክርስቲያኑ መዋጮ እየሰጡ፣ በየገበያው እየቆሙ አገሩን ዞሩ፤ በዘመቻው ወቅት ደግሞ በየካውንቲው (ካውንቲ የኬንያ የአስተዳደር ክፍል ነው) የኢኮኖሚ ጉባኤ አደረጉ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ የቡና አምራቹ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ ነጂው፣ የጉልት ነጋዴዋ ተራ በተራ ችግራቸውን ይናገራሉ፤ ዕጩው ማስታወሻ ይዘው ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻ ለካውንቲው የተጻፈ የቃል ኪዳን ሰነድ ይፈረማል። ይህ ለምርጫ ቅስቀሳ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሰዎቹ ስማቸው የተጻፈ ያህል ይሰማቸዋል። ሁለተኛ፣ ዕጩው በክርክር ላይ የወተት ዋጋ ሲጠየቁ አይደናገሩም። ጉድለቱም እዚያው ነው፤ በየቦታው የተፈረመው ቃል ኪዳን ሲደመር ግምጃ ቤቱ ሊሸከመው የማይችል ዕዳ ይሆናል። ይህን ያን ጊዜ የደመረ ጋዜጣ ቢኖር ኖሮ የ2024ቱን የግብር ቀውስ ከሁለት ዓመት በፊት ባስጠነቀቀ ነበር።

ቃል ኪዳን ሲመዘን ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ለማን፣ ስንት፣ በምን መንገድ? ኦዲንጋ ለሁለት ሚሊዮን ድሃ ቤተሰቦች በየወሩ 6,000 ሽልንግ እንደሚሰጡ ቃል ገቡ። በዓመት ሲባዛ 144 ቢሊዮን ሽልንግ ነው። ገንዘቡ በሙስና የሚባክነውን በማዳን ይገኛል ተባለ፤ ሙስና ደግሞ በአንድ ሌሊት ተይዞ ወደ ካዝና የሚገባ ነገር አይደለም። ሩቶ ለትንንሽ ነጋዴዎች 50 ቢሊዮን ሽልንግ የብድር ፈንድ አሉ። ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ወር፣ በኖቬምበር 30 ቀን 2022፣ ብድሩ በሞባይል ስልክ ተጀመረ፤ ከ500 እስከ 50,000 ሽልንግ፣ በዓመት 8 በመቶ ወለድ። 500 ሽልንግ ንግድ እንደማያቋቁም ብዙ ኬንያዊ ተሳልቋል፤ እውነታቸውን ነው። ስለ ዘይቤው ከጠየቃችሁ ግን ይህ ነው፦ ማስተላለፊያ መንገዱን አስቀድሞ የሚያስብ፣ በስፋቱ ግን የሚቸኩል ሰው።

ስለ ክርክሩ አጭር ቃል። በጁላይ 26 ቀን 2022 ኦዲንጋ ከቴሌቪዥን ክርክሩ ቀሩ፤ ምክንያታቸው ተፎካካሪያቸው ስለ ሙስናና ስለ ሥነ ምግባር እንዳይጠየቁ ፈልገዋል የሚል ነበር። ሩቶ ብቻቸውን ቆመው 90 ደቂቃ ተጠየቁ። የክርክር መቅረት ራሱ መረጃ ነው፤ ዕጩው ሊቆጣጠረው የማይችለውን መድረክ እንዴት እንደሚያይ ያሳያል። ከዚህ በላይ ክብደት ግን አይሰጠው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ዕጩው በየምርጫ ጣቢያው ወደሚያቆመው ታዛቢ። ከሁሉም የሚደበቅብን ይህ ነው፣ ምክንያቱም ከምርጫው ቀን በፊት ማንም አይጽፈውም። የኬንያ ድምፅ የሚቆጠረው በየጣቢያው ነው፤ በ2022 ጣቢያዎቹ 46,229 ነበሩ። ምሽት ላይ ቆጠራው ሲያልቅ አስመራጩ ቅጽ 34ኤ የሚባለውን ይሞላል፣ የየዕጩው ታዛቢ ይፈርምበታል፣ ኮፒ ይወስዳል፣ የቅጹ ምስል ወደ ምርጫ ኮሚሽኑ ይላካል። ከዚያ በ290ዎቹ የምርጫ ክልሎች ቅጽ 34ቢ ይጠናቀራል፤ የመጨረሻው ድምር ናይሮቢ ቦማስ አዳራሽ ላይ ነው። ኮሚሽኑ ያን ዓመት የ34ኤን ምስሎች ለማንም ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ አኖረ። የትኛውም ጋዜጣ፣ የትኛውም ተማሪ ቁጭ ብሎ ሊደምር ይችል ነበር፤ ብዙዎችም ደመሩ።

እንግዲህ አንድ ዕጩ የራሱን ውጤት በራሱ ማስረጃ ለማወቅ 46,229 ሰው ይፈልጋል፤ ተጠባባቂ ካከልን ከዚያም ይበልጣል። እያንዳንዱ የውክልና ወረቀት፣ ሥልጠና፣ አበል፣ ምሳና ራት፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክና የአየር ሰዓት ያስፈልገዋል። የሚበላሸው በሚታወቅ ቦታ ነው። የስም ዝርዝሩ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አበሉ ከማዕከል ወደ ካውንቲ፣ ከካውንቲ ወደ ምርጫ ክልል ሲወርድ በየእጁ ይቀንሳል፤ ገንዘብ ያልደረሰው ታዛቢ ቀን ላይ ቆይቶ ሊመሽ ሲል፣ ልክ ቆጠራው ሲጀመር፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቅጹ ላይ የእሱ ፊርማ ቦታ ባዶ ይቀራል። በፍርድ ቤት ደግሞ ባዶ ቦታ ማስረጃ አይሆንም።

ሩቶ ይህን ሥራ በፓርቲያቸው በዩዲኤ በኩል አስቀድመው ጀምረው ነበር፤ ዩዲኤ በኤፕሪል 2022 የውስጥ ዕጩዎቹን በብዙ ቦታ በድምፅ መርጦ ስለነበር በየመንደሩ የተመዘገበና የተፈተነ ሰው ነበረው። በአዚሚዮ በኩል ግን ከምርጫው በኋላ የገዛ ሰዎቹ “የታዛቢ ገንዘብ የት ገባ?” እያሉ በአደባባይ ተወቃቀሱ። ልዩነቱ ምን ያህል እንደነበር አስቡት፦ ሩቶ 7,176,141፣ ኦዲንጋ 6,942,930። በመካከላቸው 233,211 ድምፅ። በጣቢያዎቹ ሲካፈል ለአንድ ጣቢያ አምስት ድምፅ ነው። እንዲህ ቀጭን በሆነ ልዩነት ላይ በየጣቢያው የተፈረመ ቅጽ በእጁ ያለው ወገን ተረጋግቶ ይተኛል፤ የሌለው ወገን ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አንቀበልም ባሉበት ግርግር ላይ ተስፋውን ይጥላል። ኦዲንጋ በኦገስት 22 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤት አሉ። ሕጉ ለፍርድ ቤቱ የሚሰጠው 14 ቀን ብቻ ነው። ሰባቱ ዳኞች በሴፕቴምበር 5 በሙሉ ድምፅ ውጤቱን አጸኑት፤ ቅጾቹ ተለውጠዋል የሚለውን ክስ የሚደግፍ ተአማኒ ማስረጃ አላገኙም።

ተሸናፊ ምን ያደርጋል? ኦዲንጋ አምስት ጊዜ ተወዳድረዋልና መልሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2007 ውጤቱን አልቀበልም አሉ፤ ከ1,100 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ በኮፊ አናን ሽምግልና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሲሽርላቸው ከድጋሚው ወጡ፤ በጃንዋሪ 30 ቀን 2018 ደጋፊዎቻቸው ፊት “የሕዝብ ፕሬዚዳንት” ብለው ማሉ፤ ከአምስት ሳምንት ተኩል ገደማ በኋላ ከኬንያታ ጋር ተጨባበጡ። በ2023 ከማርች ጀምሮ ሰልፍ ጠሩ፤ ከዚያ ድርድር። ጫና፣ ድርድር፣ ድርሻ፤ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ይህን በክፋት ብቻ መተርጎም ልክ አይደለም። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥትና 47ቱ ካውንቲዎች የተገኙት ከዚያው የድርድር መንግሥት ነው። ዋጋው ደግሞ ተከታዮቻቸው ሰልፍ ላይ ሲወድቁ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ የሚለው ወቀሳ ነው፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም።

የሩቶም ዘይቤ ወንበሩ ላይ ሲደርስ ያው ሆኖ ቀጠለ። የምርጫ ውለታ መክፈል ነበረባቸውና በማርች 2023 የሚኒስትር ምክትል ያህል የሆኑ 50 ሹሞችን ሾሙ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁላይ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው። ጥናት አንብበው፣ ቁጥር ሠርተው፣ የሌላውን ስጋት ግን በራሳቸው እርግጠኝነት ሸፍነው የመወሰን ልማዳቸው በ2024 የፋይናንስ ረቂቅ ላይ ወጣ። 346 ቢሊዮን ሽልንግ ለመሰብሰብ የታሰበው ረቂቅ በዳቦ ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በተሽከርካሪ ላይ 2.5 በመቶ ግብር ይዞ ነበር። የዳቦው ታክስ በኋላ ተሰረዘ፤ ቁጣው ግን አልቀነሰም። በጁን 25 ፓርላማው በ195 ለ106 ሲያጸድቀው ወጣቶቹ ግቢውን ጥሰው ገቡ፤ በጥይት የሞቱ ነበሩ። በማግስቱ ሩቶ አልፈርምም አሉ፤ በጁላይ 11 ካቢኔያቸውን ከሙዳቫዲ በቀር አሰናበቱ፤ ከዚያም የኦዲንጋን ፓርቲ ሰዎች አስገብተው ጆን ምባዲን በግምጃ ቤቱ ላይ አስቀመጡ። ጋቻጓስ? በኦክቶበር 17 ሴኔቱ ከሥልጣን አነሳቸው፤ የተተኩት በ2022 አባላቱ መርጠዋቸው በነበሩት በኪንዲኪ ነው።

በእኛም ከተማ ያየነው አለ። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ኦዲንጋ ለኮሚሽኑ ሊቀ መንበርነት ሲወዳደሩ ዋናው ቀስቃሻቸው የትናንቱ ባላንጣ ሩቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር 20 ለ18 መሩ። ነገር ግን የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ፣ ከ49 ድምፅ ሰጪዎች 33 ነው፤ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ግን የጅቡቲው ማሕሙድ ዓሊ የሱፍ መሩ፤ በሰባተኛው ዙር የሱፍ 33ቱን ሞሉ። የኦዲንጋ ዘመቻ በፕሬዚዳንቶች ጉብኝትና በመሪዎች ቃል ላይ የቆመ ነበር። በምስጢር ድምፅ አሰጣጥ የመሪ ቃል የማያስተማምን መሆኑን በኬንያ ተራራ አይተውት ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለዝግጅት ክፍላችሁ ነው። የኬንያ ቀጣይ ምርጫ ኦገስት 10 ቀን 2027 ነው። በሕጉ መሠረት አንድ ሆነው የሚወዳደሩ ፓርቲዎች የጥምረት ስምምነታቸውን ከምርጫው አራት ወር በፊት ለፓርቲዎች መዝጋቢ ማስገባት አለባቸው፤ ይህም ወደ ኤፕሪል መጀመሪያ ይወድቃል። ናይሮቢ ዘጋቢ ብትልኩ የመጀመሪያ ሥራው ያን ሰነድ ማግኘት ይሁን፦ ሊቀ መንበሩ ማን ነው፣ ለማን ስንት በመቶ ተሰጠ፣ ካላመጣስ ምን ይሆናል? ቀጥሎ ስለ ምክትሉ አመራረጥ ማን እንደተጠየቀና ማን እንደወሰነ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ከየዘመቻው ጽሕፈት ቤት የታዛቢ ኃላፊውን ስም ይቀበልና አበሉ በቀጥታ በታዛቢው ስልክ ይገባ ወይስ በአካባቢ አስተባባሪ እጅ ያልፍ እንደሆነ ይጠይቀው። የሰልፉን ፎቶ ከዜና ወኪሎች መግዛት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ